ለዕድሜዋ ልክ ነው

የምሠራው ሪያድ፣ መላዝ የሚባል ሰፈር ውስጥ ባለ አንድ የግል ሆስፒታል ነው። ምድር ቤት ያለውን የምርመራ ክፍል የማጸዳው እኔ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት እዚህ ስኖር አረብኛውን ስለለመድኩት፣ የሐበሻ ሴት ታማሚ በመጣች ቁጥር "ያላ ሔዋን" ይሉኛል፤ መወልወያዬን ግድግዳው ላይ አስደግፌ አስተርጓሚ እሆናለሁ። የቀጠረኝ ሸሪካ፣ ድርጅቱ ማለት ነው፣ ለዚህ ብሎ የሚጨምርልኝ ነገር የለም። ድካሙ ግን ከወለሉ ይብሳል። ማታ ካልጋዬ ላይ ሆኜ የማስበው የወለወልኩትን ሳይሆን የተረጎምኩትን ነው።

ጠባዬ ክፉ ነው፤ አልክድም። አፌ አያርፍም፣ ቶሎ ይነደኛል። እንደዚህ ሆኜ ሳለሁ ነው እንግዲህ ያንን ሁሉ ሳምንት ዝም ብዬ የከረምኩት። ለማይረባው ሁሉ ስለፈልፍ እኖርና አንድ ቀን አፌ በሚፈለግበት ጊዜ ተዘጋ።

ፋንታዬ የኮምቦልቻ ጎረቤታችን ናት። ከእናቴ ጋር በአንድ ሳምንት ነው የተወለዱት፤ እናቴ ዘንድሮ ሃምሳ አራት ሞልቷታል። የፋንታዬ ፓስፖርት ግን ሠላሳ ዘጠኝ ይላል። ከአምስት ዓመት በፊት ስትመጣ ኤጀንሲው "ወጣት ካልሆነች አልቀበልም" ስላለ ደላላው አሥራ አምስት ዓመት ቀነሰላት። ይሄ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ሕፃናቱ ይጨምራሉ፣ ትልልቆቹ ይቀንሳሉ። እኔም በወረቀት ከራሴ በሦስት ዓመት እበልጣለሁ።

ፋንታዬ ግን ወረቀቱን ኖረችበት። ፀጉሯን አንድ ሽበት ሳይታይ ታጠቁረዋለች። እዚህ እንደመጣች መጀመሪያ የነገረችኝ ነገር "እትዬ እንዳትይኝ፣ አንቱም እንዳትይኝ፤ ሰው ይሰማል" የሚል ነበር። በዚህ ምክንያት የእናቴን እኩያ አምስት ዓመት ሙሉ አንቺ ስላት ኖርኩ። አሁንም ሳወራ "እሷ" ማለቴን አትቀየሙኝ፤ ለምዶብኝ ነው።

ሚስኪ የምትባል የሃያ አምስት ዓመት ልጅ አለቻት። በየመን በኩል በባሕር የመጣች ናት፤ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የላትም። ሙረባዕ የሚባል ሰፈር ውስጥ ከሌሎች ሴቶች ጋር በአንድ ክፍል ተዳብላ ትኖራለች። ባሏን ሬድዋንን ባለፈው መስከረም በፍተሻ ይዘው ወደ ሀገር ሲጠርዙት እርጉዝ መሆኗን እንኳ በቅጡ አላወቀችም ነበር። ፋንታዬ ሚስኪንም ለሰው "ታናሽ እህቴ ናት" ነው የምትለው። የሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ሴት የሃያ አምስት ዓመት ልጅ ከየት ታምጣ?

በጥር ወር፣ አንድ ጁምዓ ቀን ፋንታዬ ደወለችልኝ። ድምፅዋ ውስጥ ሳቅ ነበረ። የወር አበባዋ ከቆመ አራት ዓመት ሆኖት ነበር፤ አሁን መጣ። "ተመለሰልኝ እኮ ሔዋንዬ፤ ድንግል ዳሰሰችኝ" አለችኝ። ከሀገር ቤት ያስላከችውን ጠበል ስትጠጣ ከርማ ነበርና ሥራው የጠበሉ መሰላት። ጡቷም እንደ ኮረዳ ጠጠር ማለቱን እያፈረችም እየሳቀችም ነገረችኝ። እኔም ከንፈር መምጠጥ ሲገባኝ አሾፍኩባት፤ ባል እንፈልግልሽ አልኳት። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሁለታችንም በጣም ሳቅን።

በየካቲት ሳቁ አለቀ። ደሙ አልቆም አለ፣ ሆዷም ተነፋ፣ ምንጣፍ አራግፋ ስትጨርስ ደረጃው ላይ ተቀምጣ መነሳት አቃታት። በቤት ሠራተኝነት የቀጠረቻት ማዳሟ ይዛት ወደ እኛ ሆስፒታል መጣች። ማዳሟ ክፉ ሴት አይደለችም፤ ቤቷም እዚያው መላዝ ነው። ዶክተሯ ፊርደውስ የምትባል ሱዳናዊት ናት፤ ሰው ስታዳምጥ ከድካም ብዛት ዓይኗን ትጨፍናለች እንጂ አንድ ቃል አያመልጣትም። ዕድሜ ስትጠይቅ ማዳም ቀድማ ከኢቃማው ላይ "ሠላሳ ዘጠኝ" ብላ አነበበች። ዶክተሯ ጻፈች። ከዚያ የወር አበባዋ በየጊዜው በትክክል ይመጣ እንደነበር እንድጠይቅላት ነገረችኝ።

ወደ ፋንታዬ ዞርኩ። ከጠረጴዛው ሥር እጄን ይዛ ጨመቀችው። ገባኝ። "እንደ ሰው ይመጣ ነበር፣ አሁን ግን በዛባት፣ ረዘመባት" ብዬ በአረብኛ ተናገርኩ። ፋንታዬ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም ነበር። ያልተባለ ነገር ስተረጉም የመጀመሪያዬ ነው።

በአልትራሳውንድ ግራ እንቁላል ማፍሪያዋ ላይ እብጠት ታየና ኤምአርአይ ታዘዘላት። እሱ ክፍል የእኔ ክፍል ነው። ልብሷን የቀየርኩላት እኔ፣ ከማተቧ ላይ የብር መስቀሏን ፈትቼ ኪሴ የከተትኩትም እኔ ነኝ፤ ክሩ ይቆያል፣ ብረት ግን ወደ ማሽኑ አይገባም። ማሽኑ መዶሻ እንደያዘ ሰው ሲደበድብ ግማሽ ሰዓት ያህል ተኛች። እኔ ከመስታወቱ ወዲህ፣ ማሽኑን ከሚያንቀሳቅሰው ከጃፋር ጀርባ ቆሜ ነበር።

ሥዕል ማንበብ አልተማርኩም። ግን ስድስት ዓመት ያንን መስታወት ስወለውል ጤነኛ ሆድ ምን እንደሚመስል ዓይኔ ለምዶታል። የፋንታዬ ሆድ ውስጥ ያለው ግን፣ ዕቃ የምናጥብበትን ስፖንጅ ይመስላል። ቀዳዳ በቀዳዳ ነው፤ አንዳንዱ ቀዳዳ ውስጥ ከላይ የነጣ፣ ከሥር የጠቆረ ነገር ተኝቶበታል። ጃፋርን ምንድነው ብዬ ጠየቅሁት። ደም ነው፣ ከርሞ ዝቃጩ ከሥር ሲቀር እንዲህ ይሆናል አለኝና ዝም አለ። ጃፋር ወሬኛ ሰው ስለሆነ ዝምታው አላማረኝም።

ከሦስት ቀን በኋላ ውጤቱ መጣ፤ ዶክተር ፊርደውስ እያነበበች እኔ ተረጎምኩ። በግራ በኩል ስድስት ሳንቲ ሜትር የሚሆን፣ ብዙ ክፍልፋይ ያለው፣ ደም የቋጠረ እብጠት አለ። ማህፀኗና የውስጥ ግድግዳው ለዕድሜዋ ልክ ነው። በዚህ ዕድሜ እንዲህ ያለ እብጠት አብዛኛውን ጊዜ ክፉ አይደለም፣ በራሱም ሊከስም ይችላል። ሦስት ወር ይጠበቅና ሥዕሉ እንደገና ይነሳል። ማዳም አልሐምዱሊላህ አለች። ፋንታዬም አልሐምዱሊላህ አለች፤ እዚህ የሚኖር ሁሉ ይለዋል።

ለዕድሜዋ ልክ ነው። ለየትኛው ዕድሜዋ? ያ ቤት የሚያህል ማሽን፣ የሰውን ሆድ ዕቃ አንድ ሳያስቀር የሚቆጥር ማሽን፣ ዕድሜ አያይም። ዕድሜን የሚወስደው ከወረቀት ነው። ወረቀቱን ደግሞ የሞላው የኮምቦልቻ ደላላ ነው። ይሄን እያሰብኩ ያንን ኮሪደር ሁለት ጊዜ ወለወልኩት።

በሚቀጥለው ጁምዓ ሙረባዕ ሚስኪ ጋ ሄድኩ፤ ፋንታዬም በዕረፍቷ መጥታ ነበር። ወደ ደረጃው አወጣኋትና ለዶክተሯ እውነቱን እንንገር አልኳት። እምቢ አለች። ፓስፖርቱ ውሸት መሆኑ ከታወቀ አሻራ አስነስተው በሳምንት ውስጥ ይልኩኛል አለች። ይላኩሽ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም አልኳት። ያኔ ነው የልቧን ያወጣችው።

"ሚስኪ በሰኔ ትወልዳለች። እኔን ከላኩኝ ማን ያርሳታል?"

ይሄን ሌላ ሰው ቢሰማው ቀላል ይመስለዋል። እኛ ሀገር የመጀመሪያ ልጇን የምትወልድ ሴት እናቷ ቤት ትሄዳለች ወይ እናቷ ትመጣላታለች። ወገቧን የምትይዛት፣ ገንፎ የምታገነፋላት፣ ልጁን የምታጥብላት እናቷ ናት። ሚስኪ ወደ ሀገር መሄድ አትችልም። ኢቃማ ስለሌላት ሆስፒታል ደጃፍ መርገጥም ትፈራለች። እዚህ ከተማ ውስጥ ከእናቷ በቀር ማንም የላትም፤ እሷንም ሰው ፊት እህቴ ነው የምትላት።

እኔ ደግሞ ሲነደኝ የምናገረውን አላውቅም። ሞተሽ ልታርሻት ነው ወይ አልኳት። አልተቆጣችም። "እስከ ሰኔ አልሞትም" አለችኝ፣ የአውቶቡስ ሰዓት እንደምትነግረኝ ሁሉ። ከዚያ አስማለችኝ፤ እናትሽ ትሙት በይ አለችኝ። አልኩ። በእናቴ ሞት ከማልኩ በኋላ አፌ ተያዘ።

ሦስት ሳምንት አለፈ። በየቀኑ እወለውላለሁ፣ በየቀኑ ዶክተር ፊርደውስ በአጠገቤ ታልፋለች፣ ሰላም ትለኛለች፣ እኔም ዓይኔን መሬት ላይ እተክላለሁ። እንቅልፍ አጣሁ። አንድ ቀን የስልሳ ዓመት አሮጊት በተሽከርካሪ ወንበር መጡ፤ እዚያው ሰፈር የሚኖሩ የሀገሬው ሰው ናቸው። ልብሳቸው ላይ ጠብ ያለች ትንሽ ደም አይተው ነው የመጡት። ለዚያች ጠብታ ሆስፒታሉ ተተራመሰ። ዶክተሮቹ ተጠራሩ፣ ደም ተወሰደ፣ የሌላ ሰው ቀጠሮ ተገፍቶ እሳቸው ቀደሙ። ጃፋርን ምን ተገኘባቸው አልኩት። እስካሁን ምንም አለኝ፤ ግን የወር አበባ ከቆመ በኋላ የመጣ ደም እስኪጣራ ድረስ ካንሰር ነው ተብሎ ነው የሚያዘው።

መወልወያዬን ጥዬ መጸዳጃ ቤት ገባሁ። ፋንታዬ ሁለት ወር ሙሉ ደም ሲፈሳት ለዕድሜዋ ልክ ነው ተብላ ምንጣፍ ታራግፋለች። ልክ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ስልኬን አወጣሁና ኮምቦልቻ እናቴ ጋ ደወልኩ። በስምሽ ምዬ ነበር፣ መሐላውን ላፈርሰው ነው አልኳት፤ ነገሩንም ከሥሩ ነገርኳት። ሰምታ ስትጨርስ የእኔ ሞት በራሱ ጊዜ ይመጣል፣ አንቺ እየጠበቀችሽ ላለችው ሴት ድረሽላት፣ ብላ ስልኩን ዘጋችው። እሷም ጠባይ የላት፤ ከየት ወረስኩት?

ዶክተር ፊርደውስን የመጨረሻዋ ታማሚ ስትወጣ ጠብቄ ገባሁባት። እንዳልቆም በአንድ ትንፋሽ ነው የተናገርኩት።

"ፋንታዬ ሃምሳ አራት ዓመቷ ነው። የወር አበባዋ ቆሞ አራት ዓመት ከኖረ በኋላ ነው የመጣው። የዋሸሁሽ እኔ ነኝ።"

ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ ኮምፒውተሩን ከፈተችና ያንኑ ሥዕል አወጣች። ሥዕሉ ላይ የተለወጠ ነገር የለም፤ አነባበቧ ግን ተለወጠ። ጎትታ ከጎኗ አስቆመችኝና በጣቷ አሳየችኝ። የሃምሳ አራት ዓመት ሴት ማህፀን ትንሽ መሆን አለበት፣ ግድግዳውም እንደ ወረቀት መሳሳት አለበት። ይሄ ግን ወፍራም፣ ደም የጠገበ፣ የወጣት ሴት ማህፀን ነው። "የሚቀልበው አለ ማለት ነው" አለችና ጣቷን ወደ ስፖንጁ ወሰደች። ይሄ እብጠት ራሱ የሴት ሆርሞን ያመርታል፤ ማህፀኗን ያወፈረው፣ ደሙንም ያመጣው እሱ ነው። ስሙን ግራኑሎሳ አለችኝ። ብዙ የማይገኝ የእንቁላል ማፍሪያ ካንሰር ነው፣ በሃያ ዓመት ሥራዋ ያጋጠማት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። የደም ምርመራ ይቀረዋል፣ የሚያረጋግጠውም ቀዶ ሕክምናው ነው፤ ግን ከእንግዲህ ሦስት ወር የሚባል ነገር የለም አለች።

ፓስፖርቱስ ብዬ ጠየቅኋት። እኔ የማክመው ሆድ ነው፣ ፓስፖርት አይደለም አለችኝ። "የወር አበባዋ ቆሞ ነበር" ብላ ትጽፋለች፣ ቆጠራውን የፈለገ ይቁጠረው። ያን ሁሉ ሳምንት ስንፈራው የከረምነው ነገር በአንድ መስመር አለቀ። ለምን ቀድመሽ አልመጣሽም ብትለኝ ኖሮ እዚያው እወድቅ ነበር፤ ግን አላለችኝም።

በማግሥቱ ፋንታዬና ማዳሟ ተጠርተው መጡ። ፋንታዬ ገና ስታየኝ አወቀችው። ዶክተሯ ተናግራ ጨረሰች፣ ተራው የእኔ ሆነ። አምስት ዓመት ያልወጣኝ ቃል በራሱ ጊዜ ወጣ፤ "እትዬ" አልኳት። እትዬ፣ ካንሰር ነው፣ ማህፀንዎንም ጨምረው ያወጡታል፣ ቶሎ ከሆነ ይድናሉ ብዬ ነገርኳት። ካንሰር የሚለውን ቃል አንገቷን ደፍታ ነው የሰማችው። ቀና ብላ ያየችኝ በሌላ ነገር ነው።

"ያ የተመለሰልኝስ?" አለች። "እሱም ከዚሁ ነው?"

"ከዚሁ ነው።"

"ድንግል አይደለችም በይኛ።"

የአባያዋን ጫፍ ፊቷ ላይ ሳበችና ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ማዳም ምን አለች፣ ምን አለች እያለች ክንዴን ትነካለች፤ ለዚያ የሚሆን አረብኛ ግን ፈልጌ አላገኘሁም። ቆሞ ነበር የሚለውን ከዶክተሯ አፍ ስትሰማ ግን ማዳም ራሷ ቆጠረችው። "ከእኔ ትበልጣለች" አለች፤ እሷ ሃምሳ ዓመቷ ነው። "ያን ሁሉ ምንጣፍ ብቻዋን ነው ያሸከምኳት።" ተነስታ ወደ ኮሪደሩ ወጣችና ለብዙ ጊዜ አልተመለሰችም።

በአሥራ አንደኛው ቀን ቀዶ ሕክምናው ተደረገ። እብጠቱ ከነሽፋኑ ሳይፈነዳ ወጣ፤ ዶክተሯ እንዳለችውም ሆኖ ተገኘ። ወደ ሌላ ቦታ አልሄደም። ይሄ ዓይነቱ ቀስ የሚል ነው፣ ከአሥርና ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላም ሊመለስ ይችላልና ዕድሜ ልኳን ትታይ ብላ ወረቀቱን ሁሉ ለፋንታዬ አስያዘቻት። እኔ ያን ቀን ከሥራ ወጥቼ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ደክሞኝም ነበር።

ከዚያ የማዳም ባል፣ በስሙ ያስመጣት ከፊሏ፣ አሰበላት። ሦስት ወር ከባድ ነገር ማንሳት የለባትም፣ ምስኪኗ እዚህ ከምትቸገር ሀገሯ ገብታ ከቤተሰቧ መሀል ትረፍ አለ። ትኬት ቆረጠላት፣ ሻንጣ ገዛላት፣ ኹሩጁን በስልኩ ጨረሰው፤ የመጨረሻ መውጫ ቪዛዋን ማለት ነው። ምን ትፈልጊያለሽ ብሎ የጠየቃት የለም። በክፋት ቢሆን እሰድበው ነበር፤ በደግነት ስለሆነ የማደርገውን አጣሁ። ልጄ ልትወልድ ነው እንዳትል ልጅ እንደሌላት ነው የሚያውቁት። እህቴ ናት እንዳትልም፣ ኢቃማ የሌላትን ሰው ስም በከፊል ፊት ማን ይጠራል?

በግንቦት መጀመሪያ፣ ልትሄድ ስትል መላዝ ደጃቸው ድረስ ሄድኩ። ሹፌሩ ሻንጣዋን እየጫነ ነበር። ከስታ፣ ፀጉሯ ከግንባሯ በላይ ነጭ ሆኖ ቆማለች። ጉንጯን ልስም ስጠጋ ፊቷን አዞረች።

"እኔንስ አዳንሽኝ" አለችኝ። "ሚስኪን ለማን ተውሽልኝ?"

"ለእኔ!" አልኳት።

ከንዴት ነው የወጣው። አስቤ ቢሆን ኖሮ ያን ቃል አልናገርም። አርሼ አላውቅ፣ ወልጄ አላውቅ፣ ገንፎዬ ይጓጉላል። ፋንታዬ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝና መኪናው ውስጥ ገባች። ከዚያ ወዲህ ለሚስኪ በየቀኑ ትደውላለች፣ እኔን ግን አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀችኝም። አልፈርድባትም።

ሰኔ ሲገባ ሐሙስ ቀን፣ ከምሳ በኋላ ሚስኪን ምጥ ያዛት። ከሥራ በቀጥታ ሙረባዕ ሄድኩ፤ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ቆሜ ስለዋልኩ እግሬ አብጦ ጫማዬን መፍታት አቅቶኝ ነበር። ሙቀቱ አያድርስ ነው፣ ኤሲው ይጮኻል እንጂ አይቀዘቅዝም። ቃልኪዳን የምትባል፣ ሀገር ቤት ጤና ጣቢያ ትሠራ የነበረች ልጅ አስቀድመን ለምነናት ነበርና ከሚስኪ እግር በኩል ተቀምጣለች። እኔ ከጀርባዋ ሆኜ ወገቧን ያዝኩ። ከጎረቤት እንዳይሰማ ብላ ፎጣ ነክሳ ታምጣለች። ሁለት ሰዓት እንደዚያ ቆየን፣ ክንዴ ዛለ፣ ላቤ ከእሷ ላብ ጋር ተደባለቀ።

ፎጣው ከአፏ ወደቀ። "እማ" አለች።

እናትሽ ኮምቦልቻ ናት፣ ግፊ አልኳት። ክፉ መሆኔ አልነበረም፤ የምለውን አጥቼ ነው። ቃልኪዳን በዓይኗ ገረፈችኝ። ሚስኪ ራሷን ወደ ኋላ ጥላ ደረቴ ላይ አሳረፈችው፤ ዓይኗ ተጨፍኗል፣ ማን እንደያዛት የምታውቅ አልመሰለኝም።

"እማ" አለች ደግማ።

"አቤት" አልኳት። "አቤት ልጄ፤ እዚሁ ነኝ።"